ሪፖርታችን ቆሎ ተጠቅልሎበት ተመለሰልን፤ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ግልባጭ፦ ለትምህርት ጉዳይ ምክትል ርዕሰ መምህር
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ ርዕሰ መምህር፣

ጤና ይስጥልን። ባለፈው ዓመት 11ኛ ክፍል ሆነን የራሳችንን ፕሮጀክት የሠራን ተማሪዎች ነን። አሁን 12ኛ ገብተናል። ነገሩን በቃል ልናስረዳዎ ሁለት ጊዜ ቢሮዎ መጥተን ነበር። አንዴ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልን። ሌላ ጊዜ ጸሐፊዋ «በጽሑፍ አምጡ» አሉን። ይኸው፣ በጽሑፍ አመጣን።

ነገሩ የተጀመረው በቆሎ ነው። በመስከረም መጨረሻ ላይ አንዷ የቡድናችን ልጅ በእረፍት ሰዓት ከግቢው በር ፊት ለፊት ከሚሸጡት እናት ቆሎ ገዛች። በልታ ጨርሳ ወረቀቱን ልትጥል ስትል የራሷን የእጅ ጽሑፍ አየች። የሪፖርታችን ገጽ 11 ነበር። ከየካቲት እስከ ግንቦት የለካነው የጥላ ሠንጠረዥ፣ ሙሉውን፣ እንደ ቀንድ ተጠቅልሎ።

ሮጠን ወደ እትዬ ሄድን። ወረቀቱን ከየት እንዳገኙት ጠየቅናቸው። «ከግቢያችሁ በኪሎ የተሸጠ ነው፤ ምነው፣ ችግር አለው?» አሉ። ደንግጠው የቀረውን አወጡልን። ከእኛ አራት ገጽ፣ ከሌሎች ቡድኖች ዘጠኝ ገጽ ተገኘ። በ13ቱም ገጽ ላይ አንድም የቀይ እስክሪብቶ ምልክት የለም። ራይት የለ፣ ኤክስ የለ፣ ጥያቄ ምልክት እንኳ የለ። በእሳቸው ላይ ቅሬታ የለንም። እንዲያውም ሥራችንን ገጽ በገጽ የገለጡት እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ወደ ኋላ ልመልስዎ። ኅዳር 2017 ላይ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ማስታወቂያ ተነገረን። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ አራት አራት እየሆነ አንድ ጥያቄ መርጦ፣ ራሱ አጥንቶ፣ ሪፖርት ያቀርባል ተባለ። ከ100 ው 20 ነጥብ ይይዛል። ሰኔ ላይ ወላጆች በተገኙበት ዐውደ ርዕይ ይደረግና እያንዳንዱ ቡድን ቆሞ ያስረዳል። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ብዙዎቻችን አጉረምርመናል። አንድ ተጨማሪ አሳይመንት ነበር የመሰለን።

የእኛ ቡድን ጥያቄ ቀላል ነበር። እኩለ ቀን ስንት ሰዓት ነው? የክፍላችን ልጆች ሳቁብን። «ስድስት ሰዓት ነዋ!»

ከንብረት ክፍል 2 ሜትር የብረት ቱቦ ፈርመን ተዋስን። ከመረብ ኳስ ሜዳው ጀርባ ተከልነው። በክርና በድንጋይ ቱንቢ ሠርተን ቀጥ ማለቱን አረጋገጥን። በሳምንት አንድ ቀን ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት እዚያው ፀሐይ ላይ ቆመን የጥላውን ጫፍ ምልክት እናደርጋለን። ጥላው በጣም ያጠረበት ሰዓት እውነተኛው እኩለ ቀን ነው። የካቲት 10 ቀን ጥላው ያጠረው 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ 6:39 ላይ ነው። ርዝመቱ 76 ሴንቲ ሜትር። ሰዓታችን የተበላሸ መስሎን የአራታችንንም ስልክ አመሳከርን። ስልኮቹ ልክ ናቸው።

የጂኦግራፊ መምህራችን ኮሪደር ላይ ቆመው አሥር ደቂቃ አስረዱን። የሀገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45ኛው የኬንትሮስ መስመር ነው። አዲስ አበባ ግን ያለችው ከዚያ በስተምዕራብ፣ 39ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ፀሐይ እኛ ጋ ለመድረስ 25 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። የቀረው ልዩነት የሚመጣው ምድር ፀሐይን በምትዞርበት መንገድና ከዘንግዋ መዝመም ነው። ለዚህም ነው ሰዓቱ ከወር ወር የሚለዋወጠው። በዓመቱ ከተማርነው ሁሉ እንደዚያች ኮሪደር ውስጥ የገባን ነገር የለም።

መጋቢት 11፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት፣ ጥላው 32 ሴንቲ ሜትር ሆነ። 32ን ለቱቦው 200 ሴንቲ ሜትር አካፈልን፣ ታንጀንቱ ያን ያህል የሆነውን ማዕዘን ካልኩሌተሩን ጠየቅን፤ 9 ዲግሪ ከትንሽ አለን። አትላሱን ከፈትን። የአዲስ አበባ ኬክሮስ፣ ማለትም ፀሐይ በዚያ ዕለት በቀጥታ ከምታርፍበት ከምድር ወገብ ያላት ርቀት፣ 9 ዲግሪ ነው። በቱቦና በሜትር ከተማችን በምድር ላይ የት እንዳለች አገኘን ማለት ነው። አንዱ ጓደኛችን ሜዳው ላይ እየዘለለ ሲጮህ የዩኒት ሊደሩ መጥተው ነው ያረጋጉት።

የሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ ደግሞ ጥላው ጠፋ። 6:25 ላይ ቱቦው ሥር ተሸጉጦ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቀረ። ያቺም ወደ ሌላ ጎን ዞራለች። ፀሐይ በቀጥታ አናታችን ላይ ያለፈችው በዋዜማው፣ በሆሳዕና እሑድ መሆኑ ነው። የጥበቃው ጋሼ ሊያዩ መጥተው የራሳቸውን ጥላ እግራቸው ሥር ቢፈልጉ አጡት። «ልጆች፣ ጥላዬን የት አደረሳችሁት?» ብለው አሳቁን። ግንቦት 12 ጥላው 39 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ግን ከእንጦጦ ፊቱን አዙሮ ወደ አቃቂ ተዘርግቷል። በመሐል አንድ ሳምንት የበልግ ደመና ስለነበር ሳንለካ ቀርተናል። ሠንጠረዡ ላይ «ደመና» ብለን ባዶ ተውነው። በቆሎው ወረቀት ላይ ያቺ ባዶ ሳጥን ጨው ይዛ አገኘናት።

ይህን ሁሉ የምንተርክልዎ ለመኩራራት አይደለም። ምን እንደተሸጠ እንዲያውቁት ብለን ነው። አሁን ወደ ቅሬታችን።

አንደኛው የነጥቡ ነገር ነው። ሰኔ ላይ ውጤት ሲለጠፍ 47 ቡድኖች ነበርን። ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች 16፣ 16፣ 16 ይላል። አንድም 15 የለ፣ አንድም 17 የለ። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ማንም እንዳይጎዳ ነው» ተባልን። አንድ ቡድን ስለ ኦዞን የተጻፈ 24 ገጽ ከፕሪንት ቤት በ400 ብር ገዝቶ አስገብቷል። ራሳቸው እየሳቁ ነው የነገሩን። የሽፋኑን ስም ቀይረዋል። ገጽ 3 ላይ ያለውን የሌላ ትምህርት ቤት ስም ግን ረስተውታል። እነሱም 16። ማን እንደሆኑ አንናገርም፤ ልጆቹ ጓደኞቻችን ናቸው፣ ስሌታቸውም ልክ ነበር። የሚያነብ ከሌለ ምን ሊደረግ? ዘንድሮ 11ኛ የገቡት ልጆች ስለ ፕሮጀክቱ ሊጠይቁን ሲመጡ «ምን ርዕስ ይሻላል?» አይሉንም። «የትኛው ፕሪንት ቤት ነው?» ነው የሚሉን።

አማካሪ የተባሉትን መምህር ለመውቀስ አይደለም። 47 ቡድን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው የተጫነው። የሚያስተምሩት ክፍለ ጊዜም አንድ አልተቀነሰላቸውም። ግን ሒሳቡን አስልተነዋል። ለአንድ ሪፖርት 15 ደቂቃ ቢሰጠው ለ47ቱ የሚያስፈልገው 12 ሰዓት አይሞላም። እኛ አንዱ ቡድን ብቻ ቱቦው ሥር ፀሐይ ላይ የቆምነው 13 ሰዓት ነው። ሥራው ለሦስትና ለአራት መምህራን ቢከፋፈል በየግላቸው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳዘነን ነው። አንድ ቡድን የደፈረሰ ውሃን በሽፈራው ፍሬ ማጥራት ላይ ሠርቷል። ፍሬውን የአንዷ ልጅ አክስት ከአርባ ምንጭ በአውቶቡስ ነው የላኩላት። ልጆቹ ፍሬውን ፈልፍለው፣ ወቅጠው፣ ከደፈረሰ የወንዝ ውሃ ጋር በደንብ አማሰሉት። ከዚያ ቀስ እያሉ አንቀሳቀሱትና አስቀመጡት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጭቃው ተያይዞ ወደ ታች ወረደ። ከጠርሙሱ ጀርባ የተያዘ ጋዜጣ እስኪነበብ ድረስ ጠራ። ሽፈራው ያልገባበት ጠርሙስ ግን ያው ሻይ በወተት እንደመሰለ ቀረ። ምክንያቱንም ጽፈዋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) አለው። የጭቃው ብናኝ አሉታዊ ነው። ስለሚሳሳቡ ተጣብቀው ይከብዳሉ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ውሃው ሸተተ። ልጆቹ ይህንንም ጻፉ። ከፍሬው ውሃው ውስጥ የሚቀረው ነገር ለባክቴሪያ ምግብ ስለሚሆን፣ የጠራው ውሃ ሳይቆይ ተቀድቶ መፈላት አለበት አሉ። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነም በግልጽ አስቀመጡ። በእኛ ግምት ከሪፖርቱ ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ረቂቁን ያዩ አንድ መምህር ግን «ሸተተ የሚለውን አውጡት፣ ውጤቱን አስተካክሉት፣ እንግዳ ይመጣል» አሏቸው። አላወጡትም። ለእነሱ ጎበዝ ያላቸው ሰው አልነበረም። በኋላ ልብ ስንል፣ ማንም ሳያነበው ስለቀረ ነው ሳይቆጧቸው የቀሩት።

ሦስተኛው ጉዳይ ርዕስ ነው። አራት ሴት ልጆች «በግቢያችን የሚባክን ውሃ» ብለው ተነሡ። ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለውን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ለኩት። በ12 ደቂቃ ሞላ። በሰዓት 5 ሊትር፣ በቀን 120 ሊትር መሆኑ ነው። ስድስት ጀሪካን! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ስድስት ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ እናቶቻችንን ይጠይቁ። ልጆቹ ቢሮ ተጠርተው «ግቢያችንን የሚያሰድብ ነው፣ ርዕስ ቀይሩ» ተባሉ። ቀየሩ። «የውሃ ጥቅም ለሰው ልጅ» የሚል ሪፖርት ከመማሪያ መጽሐፍ ገልብጠው አስረከቡ። 16 አገኙ። ቧንቧው እስካሁን ይንጠባጠባል፤ ዛሬ ጠዋትም አይተነዋል።

የጥራዙንም ነገር ሳናነሣ አናልፍም። «በጠንካራ ሽፋን ያልተጠረዘ አንቀበልም» ተብሎ ስንት ልጅ የታክሲ ብሩን ከፍሎ በእግሩ ሄዷል። የወረቀት ነጋዴው ግን ሽፋኑን ቀዶ ነው የመዘነው።

የመጨረሻው ዐውደ ርዕዩ ነው። ሁለት ቀን ሲቀረው በአንድ መስመር ማስታወቂያ ተሰረዘ። አዳራሹ ለሞዴል ፈተና ተፈልጓል ተባለ። የአንዱ ጓደኛችን አባት ለዚያ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስደው ነበር። ልጃቸው ቆሞ ሲናገር አይተውት አያውቁም። ልጁ በተፈጥሮው አንገት ደፊ ነው። መስታወት ፊት ሁለት ሳምንት ተለማምዶ ነበር። ሌላ ቀን ይደረጋል ተባለ። ሌላው ቀን ሳይመጣ ሐምሌ ገባ።

ፈተናው እንደሚያስጨንቅዎ እናውቃለን። እኛንም ያስጨንቀናል፤ ዘንድሮ ተፈታኞቹ እኛው ነን። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። ያንን ቁጥር እየሰማን ነው ያደግነው። ግን እስቲ ይፍረዱ። ጥላ ለክቶ ኬክሮስ ያገኘ ልጅ ስለ ታንጀንት ጥያቄ ቢመጣበት ይሸሻል? የፕሮቲኑንና የጭቃውን ሙል በእጁ ያየ ልጅ ኬሚስትሪ ላይ ይደነግጣል? ፕሮጀክቱን ከፈተናው ጊዜ የሚሰርቅ ሌባ አድርጎ ማየት ለእኛ አልገባንም።

ደግሞ ማስረከብና መጨረስ አንድ አይደሉም። እኛ ሪፖርቱን ግንቦት 22 አስረክበናል። ተረካቢው ደብተር ላይ ፈርመናል፤ ቱቦውንም ለንብረት ክፍል መልሰን ደረሰኝ ይዘናል። ከዚያ በኋላ ያለው ድርሻ የትምህርት ቤቱ ነበር። ማንበብ፣ መጠየቅ፣ ስህተታችንን መንገር፣ ቆመን እንድናስረዳ ዕድል መስጠት። የእኛ ሠንጠረዥ ላይ ምናልባት ስህተት ይኖራል። እስካሁን የነገረን የለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

በመጋዘን የቀሩ ሪፖርቶች ካሉ ሽያጩ ይቁምና ለባለቤቶቹ ይመለሱ። ትምህርት ቤቱ ጥቂቶቹን ማስቀረት ከፈለገ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ መደርደሪያ ይበቃል። ቀጣዮቹ ልጆች ከፕሪንት ቤት በፊት እዚያ ይሂዱ።

የተመለሱት ሪፖርቶች እንደገና ይታረሙ። ነጥብ ይጨመርልን አላልንም። ተነቦ 16ታችን ወደ 12 ቢወርድ፣ ለምን እንደወረደ በቀይ እስክሪብቶ ከተጻፈበት እንቀበላለን። ይህን ከመጻፋችን በፊት የ31 ቡድን ልጆችን ጠይቀን ተስማምተዋል። የቀሩት ሊያስቡበት ነው። የኦዞኖቹ ከቀሩት ውስጥ ናቸው፤ አልፈረድንባቸውም።

የቀረው ዐውደ ርዕይ በዚህ መንፈቅ ዓመት አንድ ከሰዓት ይሰጠው። አዳራሽ ከሌለ የመረብ ኳስ ሜዳው ይበቃናል። ወንበርና ጠረጴዛ ራሳችን ተሸክመን እናወጣለን። ለወላጆች ግን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይነገራቸው።

ለዘንድሮ የ11ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ነጥቡ በምን በምን እንደሚሰጥ ሥራው ሳይጀመር ይለጠፍላቸው። ማማከሩ ለሳይንስም ለማኅበራዊ ሳይንስም መምህራን ይከፋፈል። እኛን የረዱን የጂኦግራፊ መምህር በአማካሪነት እንኳ አልተመደቡም ነበር። ያልተሳካ ውጤት በሐቅ ከተጻፈ ነጥብ እንደማያስቀንስ ይነገራቸው። ስለ ግቢው የሚያጠና ልጅ ርዕስ እንዲቀይር አይገደድ። ጥራዙም ይቅርና በስቴፕለር ተመትቶ በተራ ክላሰር ይቀበሏቸው።

ቧንቧውንም ያሠሩልን። ልጆቹ እንደሚሉት የላስቲክ ዋሸሩ ነው ያለቀው።

መልስዎን ከመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በፊት እንጠብቃለን። በጽሑፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካልሆነም በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ይነገረን፤ ፕሮጀክቱም የታወጀው በዚያው ነው። ሚያዝያ 5 ቀን ቱቦውን እንደገና እንተክላለን። የፋሲካ ማግስት ሰኞ ስለሆነ ግቢው ጭር ሊል ይችላል። ጋሼ በሩን እንደሚከፍቱልን ቃል ገብተውልናል። ጊዜ ካገኙ 6:25 ላይ ይምጡና ይዩልን።

ከአክብሮት ጋር፣

በ2017 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ፕሮጀክት የሠሩ ቡድኖች ተወካይ
(አሁን የ12ኛ ክፍል ተማሪ)